እዚህ መጽሐፍ ውስጥ ምን ይበላል?

መጽሐፍ ሳነሳ መጀመሪያ የማየው ሰዎቹ ምን እንደሚበሉ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነኝ። ገጹን ገለጥ ገለጥ አደርግና ሻይ፣ ዳቦ፣ ወጥ የሚል ነገር ካላገኘሁ ልቤ አይከፈትለትም። ሰውዬው ሦስት ቀን ሙሉ በፈረስ ጋልቦ አንዴ እንኳ ካልራበው ደራሲው አብሮት አልነበረም። ሀብት ፍለጋም ይሁን ግድያ የፈለገውን ይጻፍ፤ እኔን የሚያሳምነኝ ምሳ ሰዓት ላይ ነው።

ሰሞኑን ብዙ አነበብኩ። ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ያለችው ፎቶ ኮፒ ቤቴ የተማሪዎች ፈተና ሲያልቅ ጭር ትላለች፤ በዚያ ላይ መብራት በቀን ሁለቴ ሦስቴ ይሄዳል። መብራት ሲሄድ ማሽኑም ቬንትሌተሩም ቀጥ ይላል። ያኔ ወንበሬን አወጣና ዛፉ ሥር እቀመጣለሁ። መጽሐፍ የማገኘው ሸራ ላይ አሮጌ መጻሕፍት ዘርግቶ ከሚሸጥ ልጅ ነው። የእንግሊዝኛዎቹን ለይቶ ያስቀምጥልኛል፤ አንብቤ ስመልስለት ደግሞ ግማሹን ብር ይመልስልኛል። ለራሴ ያስቀረሁት ሁለት ብቻ ነው፤ ስለ እነሱ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ግን ደስ ስለሚሉ፣ ሰውን ስለሚያሳርፉ መጻሕፍት አንድ ነገር ልበል። ፈረንጆቹ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሲያወድሱ ሁልጊዜ እሳት ዳር፣ ብርድ ልብስ፣ ውጭ ዝናብ ነው የሚሉት። እኔ ያደግኩት ድሬ ነው። ግንቦት ላይ «ብርድ ልብስ» የሚለውን ቃል ሳነብ ራሱ ያልበኛል። ለእኛ ምቾት ማለት ፀሐይዋ ስትጠልቅ ደጁ ውኃ ተረጭቶ፣ ሽቲ፣ ያ ስስ የቤት ቀሚስ፣ ተለብሶ፣ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ በደቻቱ ወንዝ በኩል ትንሽ ነፋስ ሲመጣ ነው። ስለዚህ ብዙዎቹን የእንግሊዝ መንደር መጻሕፍት የማነባቸው የሌላ ሰው ቤት በመስኮት እንደማየት ነው። ጥሩ ናቸው፤ የእኔ ግን አይደሉም።

የአሌክሳንደር ማኮል ስሚዝ «ዘ ነምበር ዋን ሌዲስ ዲቴክቲቭ ኤጀንሲ» ግን የእኔ ሆነ። እውነቱን ለመናገር የገዛሁት የሰፈሬ ስም ሽፋኑ ላይ ስላለ ነው፤ ነምበር ዋን ተወልጄ ነምበር ዋን የሚል መጽሐፍ እንዴት ጥዬ እሄዳለሁ? እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ነው። አገሩ ቦትስዋና፣ ከተማው ጋቦሮኔ ነው። ዋናዋ ወይዘሮ ራሞትስዌ ናት፤ ወፈር ያለች፣ ያልተቻኮለች፣ የሆዷን በሆዷ የምትይዝ ሴት። አባቷ በደቡብ አፍሪካ የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ሲለፋ ኖሮ ከብት ትቶላት ሞተ። እሷ ከብቶቹን ሸጠችና የመርማሪ ቢሮ ከፈተች።

ቢሮው ውስጥ ያለውን ዕቃ ደራሲው ገና መጀመሪያው ገጽ ላይ ይቆጥረዋል። ሁለት ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ ስልክ፣ አሮጌ የጽሕፈት መኪና፣ የሻይ ጀበና እና ሦስት ኩባያ። አንዱ ኩባያ የእሷ፣ አንዱ የጸሐፊዋ፣ ሦስተኛው የደንበኛው ነው። እዚህ ላይ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ተቀመጥኩ። እኔ ቤቴን ስከፍት የነበረኝ አንድ ያገለገለ ማሽን፣ አንድ ስቴፕለር፣ አንድ ፔርሙስና አንድ ብርጭቆ ነው። አንድ! ደንበኛ ቆሞ ወረቀቱን ጠብቆ ይሄዳል እንጂ ይጠጣል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። በማግስቱ ታይዋን ገበያ ወርጄ ሁለት ብርጭቆ ገዛሁ። በዚያው ሳምንት አንድ አዛውንት የቤት ካርታ ኮፒ ሊያስደርጉ መጡ፤ መብራት የለም። «አባባ፣ እስኪመጣ ሻይ ልቅዳልዎት?» አልኳቸው። አንድ ሰዓት ከሩብ ተቀመጡ። ካርታው በስንት ዓመት ሙግት እንደተገኘ፣ ወንድማቸው እንዴት እንደከዳቸው፣ በኋላም እንዴት እንደታረቁ ነገሩኝ። ስንት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ወሬ በእጄ እያለፈ እኔ የገጹን ቁጥር ብቻ ስቆጥር ኖሬያለሁ።

መጽሐፉ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ወንዝ ዳር ሲጠመቅ የጠፋ ባል አለ። ወይዘሮ ራሞትስዌ በሌሊት ጠመንጃ ይዛ ወንዙ ዳር ትጠብቃለች፤ አዞው ሲወጣ ትገድለውና ሆዱን ከፍታ የሰውዬውን የእጅ ሰዓት ታገኛለች። ያን ገጽ ሳነብ እግሬን ከመሬት አንስቼ ወንበሩ ላይ አጥፌ ነበር። በጣም የፈራሁት ደግሞ ሴትዮዋ ስንት ኩባያ እንዳላት ስለማውቅ ነው። ብትሞት ሻዩን ማን ያፈላል? ብዙ የጀብዱ ጸሐፊዎች ይሄ ነገር አይገባቸውም። ጀግናው ቤት ከሌለው ቢሞትም ባይሞትም ምን ይጎድላል? ጥፋት አለበት ካላችሁኝ አዎ አለበት፤ ክፉው ሰው ገና ሲገባ ክፉ መሆኑ ይታወቃል፣ ነገር ሁሉም ቶሎ ይፈታል። ደራሲው አገሩን ከመውደዱ ብዛት አቧራው ዓይን ውስጥ አይገባም። ቢሆንም አልመለስኩትም፤ ከሁለቱ አንዱ ይሄ ነው።

የዡል ቨርን «ዓለምን በ80 ቀን» ግን መለስኩት። መጥፎ ሆኖ አይደለም። አያቴ የሼሚኖ፣ የምድር ባቡሩ፣ ሠራተኛ ነበር፤ ባቡር ያለበት መጽሐፍ ስጀምር ልቤ ቀድሞ ይሮጣል። ሚስተር ፎግ 20,000 ፓውንድ አስይዞ ከለንደን ይነሳል። ሕንድ ሲደርስ ጋዜጣው «መስመሩ ተጠናቋል» ብሎ የጻፈለት ሐዲድ ጫካ መሃል ያልቃል። ባቡሩ ይቆማል፣ ሰው ሁሉ ጓዙን ይዞ ይወርዳል፣ ከዚያ ወዲያ ሐዲድ የለም። ፎግ ዝሆን በ2,000 ፓውንድ ይገዛል። እዚህ ላይ ሌላው አንባቢ ስለ ዝሆኑ ይገረማል፤ የድሬ ሰው ግን ሐዲዱ ላይ ይቀራል። የእኛስ ከተማ የተወለደችው እንዲህ አይደል? ባቡሩ ሐረር ሊገባ ታስቦ ተራራው ከበደና በ1895 ዓ.ም. እዚህ ግርጌው ላይ ቆመ፤ ከተማዋንም መጀመሪያ አዲስ ሐረር አሏት። አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ነው። በመሃል ባሉት ዓመታት ከጅቡቲ የመጣ ሰው እዚህ ወርዶ በቅሎ ይፈልግ ነበር። እና ያ የሕንዱ ጣቢያ፣ መንገደኛ ከባቡር ወርዶ ጋሪ የሚሻማበት፣ ለእኔ ለገሃራችን ነው የመሰለኝ።

ፎግን ግን አልወደድኩትም። ያን ሁሉ አገር ሲያልፍ ካርታ ይጫወታል፣ በመስኮት አያይም። የምወደው አሽከሩን ፓስፓርቱን ነው፤ ለንደን ክፍሉ ውስጥ የጋዝ መብራቱን ሳያጠፋ እንደወጣ መንገድ ላይ ትዝ ይለዋል። ጃፓን ይድረስ አሜሪካ ያ መብራት እዚያው እየነደደ፣ ሒሳቡ በእሱ ላይ እየቆጠረ ነው። መላው ዓለም ተዞሮ ልቤን የያዘው ያቺ ያልጠፋች መብራት ናት።

የሪቻርድ በርተንን መጽሐፍ ያነበብኩት ሐረር ልሄድ ስል ነው፤ አገሬን የሚያወራ ነውና እንዴት ሳላነበው እላለሁ ብዬ። እንግሊዛዊ መኮንን ነው፤ እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ሐረር ገብቶ አሥር ቀን ቆይቶ ወጣ፣ በዓመቱ መጽሐፉን አሳተመ። ከኤደን የተላከ የሚመስል ደብዳቤ ራሱ ጽፎ ለአሚሩ ማቅረቡን ሳነብ ጭንቀቱ ተጋብቶብኛል፤ ጀብዱውስ ጀብዱ ነው። ግን ሰውዬው ከተማዋን ከመግባቱ በፊት ጠልቷታል። ያየውን ሁሉ ያንቋሽሻል።

አንድ ቦታ ብቻ እውነተኛ ሰው ሆኖ አገኘሁት። ከአሚሩ ቤት ምሳ ይላክለታል፤ የማሽላ ቂጣ በኮመጠጠ ወተት ርሶ ቀይ በርበሬ በብዛት ተነስንሶበት። ስሙን ሳይቀር ጽፎታል፣ ሸብታ ይለዋል። ሚኒባሱ የደንገጎን ዳገት ሲወጣ፣ ሰው ሁሉ መስኮት ሲዘጋ፣ እኔ ያንን ገጽ ምልክት አደርግበት ነበር። ጀጎል ውስጥ ጓደኛዬ ቤት ደርሼ ነደባው፣ ከፍ ያለው መደብ፣ ላይ ወጥቼ እንደተቀመጥኩ ለእናቷ ተርጉሜ አነበብኩላቸው። በጥሞና ሰሙኝና «በርበሬው ደቆ ነበር ወይስ እንዲሁ?» አሉኝ። አልጻፈውም። ከዚያ ስለ ሐረር ሴቶች ድምፅ የጻፈውን አነበብኩ፤ ሻካራና ጩኸት የበዛበት ነው ይላል። ዝም አሉ። ቁጢውን፣ የቡና ቅጠሉን ሻይ፣ በየስኒው ቀዱ፣ ለእኔ ሰጡኝ፣ ለልጃቸው ሰጡ፣ ቁጭ አሉ። «አሥር ቀን ነው የቆየው አላልሽኝም?» አሉ። «አዎ» አልኩ። «የማን ቤት ገብቶ ነው ድምፃችንን የሰማው ታዲያ?» አሉኝ። በርተን ላይ ከዚህ የተሻለ ሂስ አላነበብኩም። መጽሐፉን እዚያው ለጓደኛዬ ትቼላት መጣሁ።

ለራሴ ያስቀረሁት ሁለተኛው የስቲቨንሰን «ትሬዠር አይላንድ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1883 የታተመ፣ የልጆች የሚባል መጽሐፍ። አሁን በዚህ ዕድሜዬ እንደገና አነበብኩት፤ በልጅነቴ ያላየሁትን አየሁ። ጂም የሚባለው ልጅ መርከቡ ላይ ፖም ያምረውና በርሜሉ ውስጥ ይገባል። በርሜሉ ሊያልቅ የደረሰ ስለሆነ ታች ድረስ መውረድ ነበረበት። እዚያ ቁጭ እንዳለ ነው የባሕር ወንበዴዎቹን ሤራ የሚሰማው። ያን ምሽት ፖም ባያምረው ሁሉም ይታረዱ ነበር። ደራሲው የሰው ነፍስ በአንድ ፖም ላይ ሰቀለው፣ እኔም አመንኩት።

ከሁሉ በላይ ግን ቤን ገን። ጓደኞቹ ደሴት ላይ ጥለውት ሦስት ዓመት ብቻውን የኖረ ሰው ነው። የፍየል ሥጋ፣ የዱር ፍሬ፣ ከባሕር የሚለቀም ነገር እየበላ ኖሯል። ጂምን ሲያገኘው መጀመሪያ ከሚጠይቀው አንዱ አይብ ይዘህ እንደሁ የሚል ነው፤ ሌሊት ሌሊት በሕልሜ አይብ አያለሁ ይለዋል፣ ያውም የተጠበሰ። ስለ ቤቱ፣ ስለ እናቱ ረጅም ንግግር ቢያደርግ ኖሮ እንዲህ ሆዴን አይበላውም ነበር። ጂም ይሄን ለዶክተሩ ሲነግረው ዶክተሩ የሱረት ዕቃውን ይጠቅሳል። ሱረት ስወስድ አይታችሁኝ አታውቁም፤ ውስጡ ያለው የጣሊያን ፓርሚጃኖ ነው፣ ይሄ ለቤን ገን ነው ይላል።

ይሄን ታሪክ ማታ ደጅ ላይ ለጎረቤታችን ለእማማ ተረክሁላቸው። እንዲህ መተረክ የለመድኩት ከእናቴ ነው፤ እሷ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያነብ ሥራ ፈትታ እየሰማች፣ ያመለጣቸውን ጎረቤቶች በማግስቱ ቡና ላይ ትተርክላቸው ነበር። እማማ በደርግ ጊዜ ከጅቡቲ በባቡር ልብስ ያመላልሱ ነበር፤ ዛሬ ዓይናቸው ደክሟል። ቤን ገን አይብ እንዳማረው ስነግራቸው ሳቅ አላሉም። ተራቸውን ያዙ።

«አንድ ጊዜ ደወሌ ላይ ፊናንስ ፖሊስ ወጣብን» አሉ። «ጨርቁን ወገቤ ላይ ጠምጥሜዋለሁ፤ ሙቀቱ! የእህል ጆንያ መሃል ገብቼ ተኛሁ። እነሱ አይወርዱ፣ ባቡሩ አይሄድ። ነጠላዬ ጫፍ ላይ ሰባት ተምር ቋጥሬ ነበር። አንድ ከበላሁ ፍሬውን ምን ላድርገው? ድምፅ ያሰማል ብዬ ፈራሁ። በአፌ እንደያዝኩት አይሻ ደረስን።»

«ስንቱን በሉ ታዲያ?»

«አንዷን ነዋ። ስድስቷን ለልጆቹ አመጣሁላቸው።»

ይሄን የሚጽፍልን ሰው እስከ ዛሬ እየጠበቅሁ ነው። ፊናንሱን፣ ጆንያውን፣ ባቡሩን የሚጽፍ አይጠፋም፤ እኔ የምፈልገው የተምሯን ፍሬ ሳይረሳ የሚጽፍልኝን ነው። እንዲያ ያለ መጽሐፍ ከወጣ ሱቄን ዘግቼ ነው የማነበው።

ልንነሳ ስንል እማማ እጄን ያዝ አደረጉኝ።

«ልጄ፣ ዶክተሩ አይቡን ሰጠው?»

መልሱ አልመጣልኝም። ይሄ ለቤን ገን ነው እንዳለ አስታውሳለሁ፤ ሲበላው ግን በዓይኔ አልመጣልኝም። «ቆይ ልየው እማማ» ብዬ ገባሁ። መብራት ስላልነበረ በስልኬ ብርሃን ገጹን መፈለግ ጀመርኩ፤ እሳቸውም ምንጣፉን ሳያጥፉ ደጅ ተቀምጠው ጠበቁኝ።