የሃድ ሪን ንጋት፣ የዶይ ቻንግ ቡና

ግራ ተረከዜ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ጠባሳ አለች። ጫማ ባደረግሁ ቁጥር ትነካካኛለች። ሰው ስለ ታይላንድ ሲጠይቀኝ ስልኬ ውስጥ ካለው ፎቶ ሁሉ በፊት ትዝ የምትለኝ እሷ ናት፤ ነገሩ ሳይደበዝዝብኝ ልጻፈው ብዬ ነው ዛሬ ደብተሬን የገለጥኩት።

የሄድነው በ2016 ጥር ነው። ጥምቀትን ከእማዬ ጋር አክብሬ በማግስቱ ማታ ከቦሌ ተነሳሁ፤ ጀርባዬ ላይ አንድ ቦርሳ፣ እጄ ላይ ፓስፖርትና የቢጫ ወባ ክትባት ካርዴ። አብሮ አደጌ ደግሞ ከዱባይ መጣች። እሷ እዚያ ሆቴል ውስጥ ክፍል ማጽዳት ከጀመረች ሦስት ዓመቷ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ የሰው አልጋ ስታነጥፍ፣ የሰው ፎጣ ስታጥፍ ኖራ አሥር ቀን ፈቃድ አገኘች። «አንድ ጊዜ እንኳ ለእኔ ይነጠፍልኝ» ብላ የመረጠችው ባሕር ነበር። እኔ የምወደው ተራራ ነው። ግን ድምጿን ሰምቼ እንዴት እምቢ እላለሁ? መጀመሪያ ባሕር፣ ከዚያ እኔ ለብቻዬ ወደ ሰሜን ተባባልን።

ባንኮክን እዘላታለሁ፤ በወጉ አላየኋትም። ወደ ደቡብ የሚሄደውን የሌሊት ባቡር ይዘን ወደ ሱራት ታኒ ወረድን። ሲመሽ አንድ ሰራተኛ መጣና መቀመጫዎቹን ስቦ አገጣጠማቸው፣ ከላይ የታጠፈውን አልጋ አወረደ፣ ነጭ አንሶላ አንድ ጊዜ አራገፈና አነጠፈ፣ መጋረጃውን ሰቀለ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። ጓደኛዬ ትንፋሿን ውጣ እጁን ስታይ ቆየችና «ጥሩ እጅ አለው» አለችኝ በሹክሹክታ። ከዚያ ጋደም ብላ ጣሪያውን እያየች ፈገግ አለች። የተነጠፈላት የመጀመሪያው አልጋ ያ ነበር።

ጠዋት በአውቶቡስ ዶንሳክ ወደብ፣ ከዚያ በጀልባ ኮ ፓንጋን ደሴት። ከጀልባው ማረፊያ ከቶንግ ሳላ የሚያመላልሰው መኪና ሶንግቴው ይባላል። ከኋላው ግራና ቀኝ ፊት ለፊት የሚተያይ አግዳሚ ወንበር ያለው ፒካፕ ነው። የድሮዎቹን የአዲስ አበባ ውይይት ታክሲዎች የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይገባዋል። «ሶንግ» ሁለት ማለት ነው፤ ሁለት ረድፍ።

ይቺን ቃል ማወቄ ማታውኑ ጠቀመኝ። የማደሪያችን ባለቤት፣ ጠና ያሉ ሴትዮ፣ የሙሉ ጨረቃ ድግስ ወዳለበት ወደ ሃድ ሪን ባሕር ዳርቻ የሚወስደን መኪና መቼ እንደሚመጣ ስንጠይቃቸው «ሶንግ ቱም» አሉን። ጓደኛዬ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት መስሏት ደነገጠች፤ ዱባይ ሁለት ሲባል የለመደችው እንደዚያ ነው። ሴትዮዋ ሁለት ጣታቸውን አነሱ፣ ወደ ውጭው ጨለማ ጠቆሙ። ለካ ታዮች የምሽቱን ሰዓት ሲጠሩ ልክ እንደኛ ነው የሚቆጥሩት፤ ከመሸ የመጀመሪያው ሰዓት አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት። ማታ ሁለት ሰዓት ማለታቸው ነበር! ከቤት በወጣሁ በሦስተኛ ቀኔ፣ በማላውቀው ደሴት ላይ፣ የማላውቃቸው ሴትዮ የእማዬን ሰዓት ነገሩኝ። ከጀርባቸው የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ዓመቱን በቡድሃ አቆጣጠር 2567 ይላል፤ እኔ ጋ 2016፣ አየር መንገዱ የሰጠኝ ቲኬት ላይ 2024። ነጩን ቱሪስት ደግሞ «ፋራንግ» ይሉታል። ከኛ ፈረንጅ ጋር ሥሩ አንድ ነው። እንደዚህ ያለውን ነገር ሳገኝ ልቤ ለምን እንደሚሞቅ አላውቅም፤ ይሞቃል።

ሐሙስ ማታ ሙሉ ጨረቃ ነበረች። ሃድ ሪን ግራና ቀኙ ባሕር የሆነ ቀጭን መሬት ነው፤ በአንዱ ጎን ፀሐይ ስትወጣ፣ በሌላው ስትጠልቅ ይታያል። ድግሱ ፀሐይ በምትወጣበት በኩል ነው። ከየአገሩ የመጣ በሺዎች የሚቆጠር ወጣት፣ ፊቱና ክንዱ ላይ በጨለማ የሚያበራ ቀለም ተቀብቶ፣ በባዶ እግሩ አሸዋው ላይ ይጨፍራል። በየአሥር ሜትሩ ሌላ ሙዚቃ አለ፤ አንዱን ሳትጨርሰው ሁለተኛው ይቀበልሃል። መጠጡ የሚሸጠው ልጆች አሸዋ የሚዝቁባት ዓይነት ትንሽ የፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ ነው፤ አረቄው፣ ኮካው፣ የኃይል መጠጡ፣ በረዶው ተደባልቆ በብዙ ስትሮ። በእሳት የሚነድ ገመድ እያሽከረከሩ ሰው የሚያዘልሉም አሉ። እነሱን ከሩቅ ነው ያየሁት።

ያን ሌሊት አላማውም። ጓደኛዬ ስትጨፍር ላየ ሰው ማማት ይከብደዋል። እስክስታ ጀመረች፤ ትከሻዋን ያየ ክብ ሠራላት፤ ከየት እንደመጡ ያልጠየቅናቸው ልጆች ትከሻቸውን ሊያንቀጠቅጡ ሲሞክሩ እስኪነጋ ሳቅን። ስሟን የጠየቃት ግን አልነበረም። እኔም የማንንም አልጠየቅሁም።

ሊነጋጋ ሲል ወደ ውኃው ዳር ስሄድ የጠርሙስ ስባሪ ረገጥኩ። መጀመሪያ አላመመኝም፤ አሸዋው ሲጠቁር ነው ያወቅሁት። ቁጭ አልኩ። ጓደኛዬ ሳትደርስልኝ በፊት አንዲት ሴት አጠገቤ ተንበርክካ ነበር። ሰፊ ባርኔጣ ያደረገች፣ ፊቷን እስከ አፍንጫዋ በጨርቅ የሸፈነች፣ ረጅም እጅጌ የለበሰች። መጥረጊያዋን አሸዋው ላይ አስቀመጠች፣ ጓንቷን አወለቀች፣ ከወገቧ የመጠጥ ውኃዋን አውጥታ ተረከዜ ላይ አፈሰሰችው። ከዚያ በአውራ ጣትና በሌባ ጣቷ፣ ምንም ሳትቸኩል፣ ስባሪውን ነቅላ አሳየችኝ። አረንጓዴ ነበር። ከባርኔጣዋ ስር መሐረብ ፈትታ አሰረችልኝ። «ኮፕ ኩን ካ»፣ አመሰግናለሁ፣ አልኳት ደጋግሜ፤ ሌላ ምንም የምለው ቃል አልነበረኝም። ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ጓንቷን መልሳ አጠለቀች።

ቀና ስል ነው ያየሁት። ባሕር ዳሩን ሙሉ እንደሷ ያሉ ሴቶች ተደርድረው ይጠርጉ ነበር። እኛ የጨፈርንበት አሸዋ ባልዲ፣ ስትሮ፣ ጠርሙስና ነጠላ ጫማ ሆኗል። ገና የሚጨፍሩ አሉ፤ ሴቶቹ በመሃላቸው እያለፉ ያነሳሉ፤ ማንም አያያቸውም። ጓደኛዬ ትንሽ ዝም ብላ ቆመች። ከዚያ የወደቀ ከረጢት አነሳችና ጠርሙስ መልቀም ጀመረች።

«ተይ እንጂ፣ ፈቃድ ላይ ነሽ» አልኳት።

«ይሄን ሥራ አውቀዋለሁ» አለችኝ ቀና ሳትል። «ገብተሽ ስታጸጂ፣ ሰውየው አልጋው ላይ ተቀምጦ ስልኩን እያየ፣ እንደሌለሽ ሲያደርግሽ፣ አውቀዋለሁ።»

ፊቷ ላይ ያለው ቀለም ሳይለቅ ፀሐይ እስክትወጣ አብራቸው ለቀመች። ሴቶቹ መጀመሪያ ሳቁባት፤ ኋላ አንዷ የራሷን ባርኔጣ አናቷ ላይ አደረገችላት። ፎቶ አላነሳሁም። ቢኖረኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ያኔ ስልክ ማውጣት ነውር መሰለኝ።

ቁስሌ ሁለት ስፌት ወሰደ። ቀኑ ዓርብ ነበር፤ የጾም ምግብ ፍለጋ እያነከስኩ ስዞር የማደሪያችን ባለቤት ሴትዮዋ ቢጫ ባንዲራ ላይ በቀይ የተጻፈ አንድ አጭር ቃል አሳዩኝ። «ጄ» ይባላል፤ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት የሌለበት ማለት ነው። ለኛ ጾመኛ ከዚህ የተሻለ ምልክት የለም፤ የሚሄድ ሰው ይያዘው። ሩዝና ቶፉ በላሁ፣ እማዬ ስትደውል «ጾሜን ይዣለሁ» አልኳት፣ ስለ እግሬ አልነገርኳትም።

ጓደኛዬን ሸኝቼ ወደ ሰሜን ዞርኩ። ባንኮክ፣ አዲሱ ትልቁ ጣቢያ ውስጥ ባቡሬን ስጠብቅ ልክ ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲሆን መዝሙር ተሰማ፤ ሻንጣ የሚጎትተው፣ ልጅ የታቀፈው፣ ምግብ የሚገዛው፣ ሁሉም ባለበት ቀጥ ብሎ ቆመ። በየቀኑ ጠዋት ሁለት ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት የብሔራዊ መዝሙሩ ሰዓት ነው። ሲያልቅ ሁሉም ምንም እንዳልተፈጠረ መንገዱን ቀጠለ። ከዚያ ከ700 በላይ ኪሎ ሜትር፣ አንድ ሌሊት፣ ቺያንግ ማይ።

ቺያንግ ማይ በፈረንጆቹ 1296 የተቆረቆረች የላና መንግሥት ከተማ ናት፤ አሮጌው ከተማ በውኃ ቦይ የተከበበ አራት ማዕዘን ነው። ከከተማዋ በላይ ያለው የዶይ ሱቴፕ ቤተ መቅደስ ከ300 በላይ ደረጃ አለው። በቁስል እግሬ እያረፍኩ ወጣሁት። ደጃፉ ላይ ጫማ ይወልቃል፤ አሮጊቶቹ ጫማቸውን ጥግ ላይ አስተካክለው አስቀምጠው ሲገቡ ሳይ ቅዳሜ ጠዋት የሰፈሬ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ የቆምኩ መሰለኝ። ሁለት ቀን ቆይቼ ወጣሁ። መድረስ የፈለግሁት ሌላ ቦታ ነበር።

ዶይ ቻንግ በቺያንግ ራይ ግዛት ያለ ተራራ ነው፤ ዶይ በሰሜኑ ሰዎች ቋንቋ ተራራ፣ ቻንግ ደግሞ ዝሆን። የሚኖሩበት በብዛት አካና ሊሱ የሚባሉ ሕዝቦች ናቸው። በፒካፕ ጀርባ ስንወጣ አየሩ እየቀዘቀዘ፣ ፎጣዬን አንገቴ ላይ ጠመጠምኩ። አንድ ኩርባ ስንዞር ዳገቱ ሙሉ ቡና ሆነ። በረጃጅም ዛፍ ጥላ ስር፣ ቅጠሉ የሚያብለጨልጭ፣ ቀይ እሸት የተንዠረገገበት ቡና። የተፈለፈለው ከነገለፈቱ ሸራ ላይ ተሰጥቷል፤ አንዲት ልጅ በእንጨት መቅዘፊያ ታገላብጠዋለች። ሽታው ጅማ የአጎቴ ግቢ ያለሁ ነው ያስመሰለኝ። አፌን ሸፍኜ አለቀስኩ፤ ጎኔ የተቀመጡት ሰውዬ ያመመኝ መስሏቸው ውኃ ሰጡኝ።

ያረፍኩበት ቤት አንዲት አካ አያትና የልጅ ልጃቸው ይኖራሉ። ልጅቷ እንግሊዝኛ ትችላለች፤ ከየት ነሽ ስትለኝ ነገርኳት። እጄን ይዛ እየጎተተች ወደ አያቷ ወሰደችኝ፤ ቡና መቁላት በተማረችበት ቦታ መጀመሪያ ያሳዩዋት ካርታ የኢትዮጵያ ነው። አረቢካ ቡና ከኛ ከደቡብ ምዕራቡ ጫካ መነሳቱን ለአያቷ ስትተረጉምላቸው እማማ ቀና ብለው አዩኝና አንድ ነገር ጠየቁ። «ታዲያ ለምን ይህን ያህል ዘገየ? ትላለች» አለችኝ ልጅቷ።

ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ አልነበረም። እማማ ልጅ ሳሉ ይህ ዳገት ኦፒየም የሚባለው አደንዛዥ ዕፅ እርሻ ነበር። ነጭና ወይን ጠጅ አበባ ያብባል፣ አበባው ሲረግፍ ራሱን በምላጭ ይጫጭሩታል፣ የደማውን ሙጫ በማግስቱ ይሰበስቡታል። በእጃቸው አሳዩኝ፣ ሦስት ጊዜ ወደ ታች፣ ቀስ ብለው። ታይላንድ ኦፒየምን የከለከለችው በፈረንጆቹ 1959 ነው፤ ተራራ ላይ ያለ ሰው ግን ሌላ የሚሸጥ ከሌለው ክልከላ ብቻውን ምን ያደርጋል? በ1969 ንጉሥ ቡሚቦል የጀመሩት ፕሮጀክት የኮክ፣ የአትክልትና የቡና ተክል ወደ ተራሮቹ ይዞ መጣ፤ ቡናው ሥር እስኪሰድ ብዙ ዓመት ፈጀ። የእማማ ባል ቡናውን አላዩትም። ኦፒየሙ ነው የወሰዳቸው። እማማ ይህን ሲናገሩ እሳቱን ነበር የሚያዩት፤ ልጅቷም ትርጉሟን ዝቅ ባለ ድምፅ ጨረሰች።

ምን ልል እችላለሁ? ብረት ምጣድ አላችሁ ወይ አልኳት።

ጥሬ ቡና በእፍኝ ሰጡኝ። አጥቤ እንጨት እሳት ላይ ጣድኩት፤ በእንጨት ማንኪያ ሳማስል መጀመሪያ ቢጫ፣ ከዚያ የቀረፋ መልክ፣ ከዚያ መንጣጣት ጀመረ። ጭሱ ሲነሳ ምጣዱን ይዤ ተነሳሁና ለእማማ አቀረብኩላቸው። ምን እንደማደርግ አልገባቸውም። ጭሱን በእጄ ወደ ራሴ ስስብ አይተው እሳቸውም ሳቡት፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ሙቀጫ በየታይ ቤት አይጠፋም፤ ልጅቷ ወቀጠችልኝ። ጀበና ስላልነበረ በማንቆርቆሪያ አፈላሁት፣ በሻይ ብርጭቆ ቀዳሁት። ጎረቤት ሽታውን ተከትሎ መጣ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያልኩ ስሙን አስተማርኳቸው። ፈንዲሻ የለም፤ የተቆላ ኦቾሎኒ ቀረበ።

በበረካው ላይ እማማ እግሬን አዩ። ካልሲዬን አስወልቀው ተረከዜን ጭናቸው ላይ አደረጉት፤ ስፌቱን በአውራ ጣታቸው ዙሪያውን ዳበሱት። ለልጅቷ አንድ ቃል ተናገሩ።

«ማን አሰረልሽ? ትላለች።»

ስለ ሃድ ሪኗ ሴት ነገርኳቸው። ስለ ባርኔጣዋ፣ ስለ ውኃዋ፣ ስለ አረንጓዴው ስባሪ። ጓደኛዬም አብራ እንደለቀመች። እማማ በአንድም ጥያቄ ሳያቋርጡኝ ሰሙኝና ለዚያች ሴት የሚሆን ይመስል አንድ ብርጭቆ ሞልተው አጠገባችን መሬት ላይ አስቀመጡ። ማንም አልጠጣውም።

ባለፈው ሳምንት ልጅቷ ፎቶ ላከችልኝ። እማማ ምጣድ ይዘው ተቀምጠዋል፣ ጎረቤቶቹ ዙሪያቸውን ናቸው። ቡናው ግን ጠቁሯል። «ገና ሲንጣጣ አውርጂው በያት» ብዬ መለስኩላት። ለጓደኛዬም ወደ ዱባይ አሳለፍኩት፤ የሥራ ሰዓቷ ስለነበር እስካሁን አላየችውም።