ሳፋ ይዤ መሄድ ነበረብኝ

«ልጆቹን ውኃ ለማሳየት ሐዋሳ ድረስ? እቤት ሳፋ አለ አይደል እንዴ?»

እናቴ ናት። እኔ ሻንጣ ሳስተካክል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሳቅኩባት። በሦስተኛው ቀን ግን... እሱ ላይ እንደርሳለን።

ጊዜው ጥር ነው፣ የሴሚስተር ዕረፍት። ሚሚ አራት ዓመቷ ነው፣ ኬጂ ትማራለች። ማሙሽ ገና ዓመት ከመንፈቁ ነው። እኔና ባለቤቴ ከመውለዳችን በፊት ሐዋሳን በደንብ እናውቃት ነበር። ፍቅር ሐይቅ ቁጭ ማለት፣ አሳ መብላት፣ እስከ ረፋድ መተኛት። ልጅ ይዘን ስንሄድ ግን ይሄ የመጀመሪያችን ነው። ስህተቴም የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው፤ ሪዞርቱን የመረጥኩት ልጅ እንደሌላት ሴት ነበር።

ወሩን እንኳ አስቤበታለሁ። ለታኅሣሥ 19 አካባቢ አልሞከርኩም። ለቅዱስ ገብርኤል ንግሥ ስንት ሰው ሐዋሳ እንደሚገባ አውቃለሁ፣ ያን ሰሞን አልጋ ማግኘት ራሱ ስለት ይፈልጋል። ሐምሌ ደግሞ ዝናብ ነው። ስለዚህ ጥር ጥሩ ምርጫ ነበር። የቀረው ነው የተበላሸው።

ደውዬ የጠየቅኩት ሁለት ነገር ብቻ ነው። ሐይቁ ይታያል? ዋጋው ስንት ነው? ስልኩን ያነሳችው ልጅ «ሌክ ቪው አለን እህቴ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ በጣም ነው የሚያምረው» አለችኝ። ቀብዱን በቴሌብር ላክሁና ተገላገልኩ። ሊፍት አለ ወይ አላልኩም። በረንዳው ለልጅ እንዴት ነው አላልኩም። የነገረችኝ ዋጋ ላይ 15 በመቶ ቫትና 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ መጨመሩን ያወቅኩት ሂሳብ ስንከፍል ነው። ሩብ ያህል ወደ ላይ ወጣ ማለት ነው። እሷ አልዋሸችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳትም።

መንገዱን ቶሎ ልለፈው። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወጣን። እስከ ሞጆ በፈጣን መንገዱ፣ ከሞጆ እስከ ባቱ ደግሞ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው በአዲሱ፣ ሁለቱም ልጆች ተኝተው ድምፃቸውም አልተሰማ። ከባቱ በኋላ አሮጌው አስፋልት ላይ ገባን፤ አህያ፣ ጋሪ፣ ከብት፣ ባጃጅ። አርሲ ነገሌ ላይ ቆምን። በካቲካላዋ የታወቀች ከተማ ናት፣ እኛን ያቆመን ግን የማሙሽ ትውከት ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ባቱ ላይ ሙሉ ጡጦ ወተት አጠጥቼዋለሁ። ስንመለስ ደረቅ ዳቦና ውኃ ብቻ ሰጠሁት፣ የወጣነውም ምሳ በልተው ዓይናቸው ሲከደን ነው። ምንም አልሆነም።

ሦስተኛ ፎቅ። ሊፍት የለም። አንድ ሰው ማሙሽን ያቅፋል፣ አንድ ሰው የሕፃን ጋሪውን ይሸከማል፣ ሚሚ ደግሞ መሀል ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ «ደከመኝ» ትላለች። አንድ ነገር በተረሳ ቁጥር እንደገና። ፎጣ ተረሳ፣ ውረድ። ዳይፐር አለቀ፣ ውጣ። በረንዳው እውነትም ሐይቁን ያሳያል። ነገር ግን የብረቱ ክፍተት የማሙሽን ጭንቅላት በደንብ ያስገባል። አየሁት፣ በሩን ቆለፍኩት፣ ቁልፉን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። በቃ፣ ተጨማሪ የከፈልንበትን ሐይቅ በመስታወት ሆነን አየነው።

ማታ ግቢው ውስጥ ሰርግ ነበር። ሙዚቃው እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት። አጎበርም አልነበረም። ሐዋሳ የወባ አገር ናት። ወባ አብዝታ የምትበረታው ክረምቱ ወጥቶ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው ቢባልም፣ በጥርም ቢሆን ሐይቅ ዳር ያለ አጎበር ልጅ አላስተኛም። ደውለን ጠየቅን፣ አመጡልን፣ እግዜር ይስጣቸው። ማንጠልጠያ ግን የለውም። ባለቤቴ የስኒከሩን ማሰሪያ ፈትቶ አንዱን ጫፍ መጋረጃው ብረት ላይ፣ ሌላውን ቁምሳጥኑ እጀታ ላይ አሰረው። ሌሊቱን ሙሉ አጎበሩ ፊታችን ላይ ነበር። ትንኟ ግን አልገባችም። አሁን እቃ ስናዘጋጅ መጀመሪያ የሚገባው የራሳችን አጎበርና ሁለት ሜትር ሲባጎ ነው።

ጠዋት ሪሴፕሽን ወረድኩ። ልጣላ ነበር የወረድኩት፣ እውነቱን ለመናገር። ከዚያ ግን በመስኮቱ በስተጀርባ፣ ከመዋኛው ማዶ፣ የተደረደሩ ምድር ቤት ክፍሎች አየሁ።

«እነዚያስ?»

«እነዚያ ጋርደን ቪው ናቸው። ሐይቁ አይታይም እህቴ» አለኝ ልጁ፣ ያዘነልኝ ይመስል።

በርካሽ ተዛወርን። በሩ ሲከፈት ሳሩ ነው፣ ከሳሩ ቀጥሎ ዥዋዥዌ፣ ከዚያ የልጆች መዋኛ። ማሙሽ ሲተኛ እኛ በር ላይ ወንበር አውጥተን እንቀመጣለን፤ ሲነቃ ይሰማናል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብንሆን ኖሮ እሱ በተኛ ቁጥር ከመሀላችን አንዱ እስረኛ ነው። ስለዚህ ጓደኞቼ «የቱ ሪዞርት ይሻላል?» ሲሉኝ ስለ ኮከቡ አላወራም። ክፍሉ ምድር ላይ ይሁን፣ ወደ መዋኛውና ወደ ምግብ ቤቱ ስንት እርምጃ ነው፣ ሰርግ የሚደረገው በየት በኩል ነው ብላችሁ ጠይቁ እላለሁ። የሰርጉን ጥያቄ ስጠይቅ ይስቁብኛል። ቅዳሜ ማታ አድረው ይዩት።

አሁን ወደ ውኃው።

ሐዋሳ ሞቃት ናት ብለን ነው የምናስበው። ግን ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ የጥር ጠዋቷ ቀላል አይደለም። ሚሚ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ገባች፤ 10 ደቂቃ ሳይሞላ ከንፈሯ ጠቆረ። ከዚያ በኋላ የመዋኛ ሰዓታችንን ወደ 4 ሰዓት ገፋነው። 6 ሰዓት ላይ ደግሞ እናወጣቸዋለን፤ ብርዱ እንደሚያታልለው ፀሐዩም ያታልላል። ነፋሱ ስለሚነፍስ ሙቀቱ አይሰማም፣ ማታ ላይ ግን የሚሚ ትከሻ እንደ በርበሬ ቀልቷል። እጅጌ ያለው ቲሸርት አልብሰናት እንድትዋኝ ያደረግነው ከዚያ በኋላ ነው።

አንዱን ነገር ግን ቀስ ብዬ ልናገር። ሁለተኛው ቀን ላይ ሚሚ የልጆቹ መዋኛ ደረጃ ላይ ቆማ ነበር። ውኃው ወገቧ ድረስ ነው። እኔ ከሦስት ሜትር ርቀት ላይ ፎጣ አነጥፋለሁ። የክንድ ፊኛዋን «ይከነክነኛል» ብላ አውልቃዋለች። ቀና ስል ጭንቅላቷ የለም። ፀጉሯ ብቻ ውኃው ላይ ተበትኗል። ጩኸት የለም፣ መንፈራገጥ የለም፣ ውኃው እንኳ አልተረጨም። ከነልብሴ ገብቼ አወጣኋት። ሳለች፣ አለቀሰች፣ ወዲያው ደግሞ «ተንሸራተትኩ» አለችኝ፣ በኔ ነው የተናደደችው። ሁለት ወይም ሦስት ሰከንድ ቢሆን ነው። አጠገባችን ሰባት ስምንት ትልልቅ ሰዎች ነበሩ፣ አንዱም አላየም። ልጅ ሲሰምጥ እንደ ፊልም አይጮህም፣ ለመጮህ አየር ያስፈልጋል። የክንድ ፊኛም መጫወቻ እንጂ ሕይወት ማዳኛ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ከባለቤቴ ጋር ተረኛ ሆንን። ተረኛው ስልክ አይዝም፣ ፎጣ አያነጥፍም፣ ከልጅ ከአንድ ክንድ በላይ አይርቅም። ተራ ሲቀየር በቃል ነው፤ «ያዝሃት?» «ይዣታለሁ።» ጎረቤት ወንበር ላይ የነበሩ አንድ አባት «ወታደር ቤት አደረጋችሁት እኮ» ብለው ቀለዱ። ከሰዓት ላይ እሳቸውም ስልካቸውን ለሚስታቸው ሲሰጡ አየሁ።

ሐይቁ ውስጥ ግን አላስገባናቸውም። የሰፈሩ ልጆች እየዘለሉ ይገባሉ፣ ሚሚም አይታ አለቀሰች። ሐዋሳ ሐይቅ ግን ቢልሃርዚያ የሚባል በሽታ አለበት። በሽታውን የሚያመጣው ትል ከዳር ሣሩ ውስጥ ካሉት ቀንድ አውጣዎች ይወጣና በቆዳ በኩል ይገባል፣ መጠጣት አያስፈልግም፣ እግር ማስነከር ይበቃዋል። ልጆች የሚንቦጫረቁት ደግሞ እዚያው ዳሩ ላይ ነው። ጉማሬም አለ። ለአራት ዓመት ልጅ ስለ ትሉ ማስረዳት ስለማይቻል «የጉማሬው ቤት ነው» አልናት። ተቀበለችው። የሰው ቤት ሳያንኳኩ አይገባም።

ሦስተኛው ቀን ጠዋት ሐይቁ ዳር ወዳለው አሳ ገበያ፣ አሞራ ገደል ሄድን። ከሁሉ የተሻለው እሱ ነበር፣ ከመዋኛው እንኳ። ጠዋት ሐይቁ ዝም ያለ ነው፣ ጀልባዎቹ የሌሊቱን አሳ ይዘው ይገባሉ። አንድ ጎረምሳ ቆሮሶውን በጅራቱ ይዞ፣ ቅርፊቱን ሸርሸር አድርጎ፣ በሁለት ምት ሥጋውን ከአጥንቱ ለየው። አንጀቱን ወደ ኋላው ሳያይ ይወረውራል። ኋላው ላይ ከሚሚ የሚረዝሙ አባ ኮዳ የሚባሉ ወፎች ቆመዋል፣ መላጣ፣ አንገታቸው ላይ ከረጢት ያንጠለጠሉ፣ ልክ ቢሮ በር ላይ ጉዳይ እንደሚጠብቁ ሽማግሌዎች። ሚሚ አባቷ እግር መሀል ተደብቃ ታያቸዋለች። ዛፉ ላይ ጉሬዛ አለ። ጦጣዎቹ ግን ዛፍ ላይ አይደሉም፣ ሰው ኪስ አጠገብ ናቸው። አንዷ የማሙሽን ሙዝ ከእጁ ወሰደችበት። አልቧጨረችውም፣ በጨዋ ደንብ ነው የተቀበለችው፣ ግን ልቤ ወደቀ። እዚያ ስትሄዱ ለልጅ የሚበላ ነገር በእጁ አትስጡት።

ጀልባ ልንሳፈር ስንል የሕይወት አድን ጃኬቶቹ በሙሉ የትልቅ ሰው ናቸው። ሚሚ ላይ ሲያደርጉት ቁልቁል ሾልኮ ወደቀ። ባለ ጀልባው «ምንም አይልም፣ ቅርብ ነው» አለን። «ሌላ እንጠብቃለን» አልኩት። ደበረው። ሦስተኛው ጀልባ ላይ አንድ ትንሽ ጃኬት ተገኘና ሚሚና አባቷ ብቻ ሄዱ፣ እኔና ማሙሽ ቀረን። ጀልባው ላይ ሳሉ «ይሄ ሁሉ ውኃ ወዴት ይሄዳል?» ብላ ጠይቃዋለች። «የትም አይሄድም» አላት። እውነቱን ነው፣ ጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ የለም። «ፀሐይ ትጠጣዋለች» ብሎ ጨረሰላት። እስከ አሁን ድረስ ፀሐይ ስትጠልቅ «ጠጥታ ጠገበች» ትላለች።

ስለ ምግብ አንድ ነገር ብቻ። የተራቡ ልጆች ይዛችሁ ምግብ ቤት አትግቡ። የመጀመሪያው ቀን 6 ሰዓት ላይ አዘዝን፣ 7 ሰዓት ሊሆን ሲል መጣ፣ እስከዚያ ማሙሽ መሬት ላይ ተንከባሎ አልቅሶ ተኝቷል። ከዚያ በኋላ ገና መዋኛው ውስጥ እያሉ እናዛለን፤ የሚሚን ፍርፍር በአልጫ፣ የማሙሽን የአሳ ሾርባ። ሾርባውን ራሴ በጣቴ እየዳበስኩ ነው የማጎርሰው፣ የአሳ አጥንት አይታመንም። ከቁርስ ላይ ደግሞ ሁለት ቅቅል እንቁላል በሶፍት ጠቅልዬ እወጣለሁ። የሚያፍር ይፈር።

ወደ ሳፋው እንመለስ።

ማሙሽ መዋኛውን ጠላው። ሦስቱንም ቀን። እግሩ ውኃውን ሲነካ አንገቴን አንቆ ይጮሃል። ለምነን፣ አሻንጉሊት ጥለን፣ እኔ ገብቼ እየሳቅኩ፣ ምንም። ከአሞራ ገደል ተመልሰን፣ ሚሚ ከአባቷ ጋር ስትዋኝ፣ እኔ በሩ ላይ እሱን ይዤ ተቀምጫለሁ። የጽዳት ሠራተኛዋ ሳሩን አቋርጣ ስትሄድ ቆመች።

«ፈራ?»

«ፈራ።»

«ቆይ እስቲ እህቴ።»

ከላውንደሪው በኩል ትልቅ ሰማያዊ ሳፋ ይዛ መጣች። ውኃ ሞላችና ፀሐዩ ላይ አስቀመጠችው። ሄዳ ሥራዋን ጨርሳ ስትመለስ ሞቋል። ማሙሽ ራሱ ወጥቶ ገባበት። ሁለት የሻይ ማንኪያና አንድ የሃይላንድ ክዳን ሰጠሁት። ውኃውን በማንኪያው እየቀዳ ክዳኑ ውስጥ ይሞላል፣ ይደፋል፣ እንደገና ይሞላል። አንድ ሰዓት ሙሉ። እኔም ሳፋው አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀምጬ፣ አንድ እጄን ጠርዙ ላይ አድርጌ፣ በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቀዘቅዝ ማኪያቶ ጠጣሁ።

ፎቶ አንስቼ ለእናቴ ላክሁላት። ወዲያው ደወለች። ሰላምታ የለም፣ ምንም የለም።

«ለሳፋው ስንት አስከፈሏችሁ?»