በሲሊንደር የተደገፈው በር

በምሠራበት ሆስፒታል የእሳት ደኅንነት ኃላፊነት ሲሰጠኝ በቅድሚያ የፈተሽኩት የእሳት ማጥፊያዎቹን ነበር። ሁሉም በየቦታቸው ተሰቅለዋል፣ የአገልግሎት ጊዜያቸውም አላለፈም፤ ስለዚህ ሥራው የተገባደደ መሰለኝ።

መሳሳቴን የተረዳሁት በመጀመሪያው የሌሊት ልምምድ ነው። ዕቅዳችን በሽተኞቹን በሙሉ በደረጃ ወደ ግቢ ማውረድ ነበር። በጽኑ ሕሙማን ክፍል በሽተኛ ሆኖ የተኛልንን ባልደረባ ሦስት ሰዎች ተሸክመው፣ አንዲት ነርስ አምቡ ባግ (ለበሽተኛው አየር የሚገፋ የመተንፈሻ ከረጢት) በእጇ እየጨመቀች፣ የደረጃውን የመጀመሪያ መታጠፊያ ለማለፍ ብቻ 6 ደቂቃ ፈጀባቸው። በዚያ ሌሊት በፎቁ ላይ የነበሩት ተረኞች ደግሞ 5 ናቸው፤ የቀሩት በሽተኞች ሁሉ ለአንድ ሰው ተጥለው ነበር ማለት ነው።

ዕቅዱን እንደገና ጻፍነው። በእሳት ጊዜ ብዙውን ሰው የሚገድለው ከነበልባሉ ይልቅ ጭሱ በመሆኑ፣ በሽተኛውን ከነአልጋው እየገፉ እዚያው ፎቅ ላይ እሳት ከሚከላከለው በር ማዶ ማሻገር ይቀድማል፤ ደረጃው የመጨረሻ አማራጭ ነው። ይህ የሚያዋጣው ግን በሩ ሲዘጋ ብቻ ነው። የእኛ በር ጋሪ ለማመላለስ እንዲመች፣ ከሌላ ነገር ሁሉ ተመርጦ፣ በኦክስጅን ሲሊንደር ተደግፎ ተከፍቶ ይውል ነበር። ሲሊንደሩ የሚቆምበት ወለል በክብ ተፍቋል፤ እኔም በዚያ በኩል ለዓመታት ስመላለስ አንድም ቀን ልብ አላልኩትም። ሠራተኛውን ከመቆጣት ይልቅ፣ በሩን ከፍቶ የሚይዝና የማስጠንቀቂያ ደወሉ ሲጮህ የሚለቀው ማግኔት አስገጠምን።

ከሁሉ ያከራከረን በቧንቧ መስመር ወደ ክፍሉ የሚመጣውን ኦክስጅን የሚዘጋው ቫልቭ ነው። በአየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን 21 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ አልጋ ላይ ከተተወ ጭምብል የሚፈሰው ግን አንሶላውና ፍራሹ ውስጥ ሰርጎ ትንሿን ብልጭታ ወደ ኃይለኛ ቃጠሎ ይለውጣታል። በሌላ በኩል ቫልቩን በጥድፊያ መዝጋት በመስመሩ የሚተነፍሰውን በሽተኛ መግደል ሊሆን ይችላል። በመጨረሻ ውሳኔው የተረኛው አስተባባሪ ነርስ እንዲሆን፣ ከመዘጋቱም በፊት በኦክስጅን ላይ ያሉት ወደ ተንቀሳቃሽ ሲሊንደር እንዲዛወሩ ተስማማን። ቫልቩ የትኞቹን አልጋዎች እንደሚመግብም አጠገቡ ጻፍን፤ በልምምዱ ሌሊት ይህን የሚያውቅ ተረኛ አልነበረም።

ባለፈው ወር ስዞር የመድኃኒት መጋዘኑ በር ሥር የታጠፈ ካርቶን ተወትፎ አገኘሁ። እዚያ ማግኔት አላስገጠምንም ነበር።