የድሬስ ድርሻዬ

ትናንት ማታ ስለ ጡረታ መብቴ የሚገልጸውን ወረቀት ከፍቼ ሳነብ አመሸሁ። የሆላንድ መንግሥት ለአረጋውያን የሚሰጠው አበል፣ እዚህ ትልቁም ትንሹም «አኦቬ» የሚለው፣ የሚታሰበው በአገሩ በኖሩበት ዘመን ነው፤ ለእያንዳንዱ ዓመት ከመቶ ሁለት እጅ። ሙሉውን ለማግኘት ሃምሳ ዓመት ያስፈልጋል። እኔ አድጌና ተምሬ የመጣሁ ሰው ስለሆንኩ ሙሉው አይደርሰኝም። ይህን ከመጀመሪያውም አውቀው ነበር። ያመሸሁት የዚህ ሁሉ ጠንሳሽ ስለሆኑት ሰውዬ ሳስብ ነው። ጎረቤቴ የሆኑት ባልቴት አበላቸው ባንክ የገባ ዕለት፣ የእናታቸው ትውልድ ይል እንደነበረው፣ «ከድሬስ ተቀበልኩ» ይላሉ።

ቪለም ድሬስ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1886 አምስተርዳም ነው (ቀኖቹንና ዓመቶቹን ሁሉ በእነርሱ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። የባንክ ሠራተኛ የነበሩት አባታቸው ሲሞቱ ልጁ ገና አምስት ዓመታቸው ነበር። ንግድ ትምህርት ቤት ገቡ፤ ከዚያ እሳቸውም ባንክ ተቀጠሩ፤ ብዙም ሳይቆዩ ትተውት በፈጣን ጽሕፈት መተዳደር ጀመሩ። ከ1907 እስከ 1919 ሥራቸው ሄግ ፓርላማ ውስጥ ተቀምጦ የሌሎችን ንግግር ቃል በቃል መመዝገብ ነበር።

እኔን ከሕይወታቸው ሁሉ የሚገርመኝ ይህ ነው። አስተርጓሚ ስለሆንኩ የሰው ቃል ተሸክሞ መዋል ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። የሚናገረው ሰው ሲዋሽ ይገባሃል፤ አንተ ግን ውሸቱንም ሳታጓድል ማድረስ አለብህ። ድሬስ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ፎካሪውንም፣ አስመሳዩንም፣ ነገር አድበስባሹንም አንድ ቃል ሳያስቀሩ ጻፉ። መልስ መስጠት አይፈቀድላቸውም። ኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ ንግግራቸው ቁጥብና ደረቅ ነበር ይባላል። አይፈረድባቸውም! ትርፍ ቃል ምን ያህል እንደሚያደክም ከእሳቸው በላይ በእጁ ያወቀው ማን አለ?

ሶሻሊስት ነበሩ፤ የአብዮት ሰው ግን አልነበሩም። በ1913 የሄግ ከተማ ምክር ቤት አባል ሆኑ። ከ1919 ጀምሮ ደግሞ በከተማው አስተዳደር የማኅበራዊ ጉዳይ፣ ቀጥሎም የፋይናንስ ኃላፊ ሆነው ሠሩ። በ1933 በወጣትነታቸው ንግግር ይመዘግቡበት የነበረው ፓርላማ ውስጥ ተመራጭ ሆነው ተቀመጡ። በ1940 ጀርመኖች አገሩን ሲይዙ፣ ሆላንድ በቅኝ ግዛቷ በኢንዶኔዥያ ላሰረቻቸው ጀርመናውያን አጸፋ እንዲሆን ከሌሎች ታዋቂ ሰዎች ጋር በመያዣነት ቡሄንቫልድ ወደሚባለው የናዚዎች ማጎሪያ ካምፕ ተወሰዱ። ዓመት ያህል ቆይተው ተፈቱ።

ጦርነቱ እንዳበቃ የማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑና በ1947 ጊዜያዊውን የአረጋውያን አበል ሕግ አወጡ። ከዚያ በፊት ልጅ የሌለው፣ ወይም ልጁ ያላለፈለት ሽማግሌ የቤተ ክርስቲያንና የማዘጋጃ ቤት የድሆች መርጃን ደጅ ይጠና ነበር። ቀጥሎ የመጣው ቋሚው ሕግ ነው፤ ከጥር 1 ቀን 1957 ጀምሮ ሥራ ላይ ሲውል ድሬስ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። ሀብታም ይሁን ድሃ፣ ስልሳ አምስት የሞላው ሁሉ ይከፈለዋል (ዛሬ ስልሳ ሰባት ሆኗል)። ገንዘቡ ተጠራቅሞ የሚጠብቅ አይደለም፤ ዛሬ የሚሠራው ከደመወዙ እየተቆረጠ ዛሬ ለሸመገለው ይሰጣል። በዚህም ምክንያት አንድ ሳንቲም መዋጮ ከፍለው የማያውቁ ሽማግሌዎች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተቀበሉ።

ይህን ለእናቴ በስልክ ላስረዳት ሞክሬ ነበር። «ጧሪ ቀባሪ ልጅ የላቸውም እንዴ?» አለችኝ። አላቸው፤ ነገር ግን ጡረታው የአገሩ ሁሉ ዕዳ ነው፤ ከእኔም ደመወዝ ይቆረጣል፤ ለጎረቤቴ ለባልቴቷም ይደርሳል አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና «እንግዲያው አንቺም ትጦሪያቸዋለሽ በይኛ! ለመሆኑ መርቀውሽ ያውቃሉ?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ። ድሬስ አበሉ ምጽዋት እንዳይመስል፣ ተቀባዩ ማንንም ማመስገን እንዳይኖርበት ነበር የፈለጉት። ሕዝቡ ግን እሳቸውኑ ከማመስገን አልቦዘነም፤ «አባባ ድሬስ» ብሎ ጠራቸው።

ስለ እሳቸው የሚነገር አንድ ወሬ አለ። አሜሪካ ከጦርነቱ በኋላ ለአውሮፓ የሰጠችውን የማርሻል ዕርዳታ ጉዳይ የያዙ አሜሪካውያን ቤክላን በሚባለው ጎዳና ላይ ወዳለው ተራ ቤታቸው ይመጣሉ። ወይዘሮ ድሬስ ሻይ ከደረቅ ብስኩት ጋር ያቀርባሉ፤ ለአንድ ሰው አንድ ብስኩት። እንግዶቹም «መሪው እንዲህ የሚኖርበት አገር የሰጠነውን ገንዘብ አያባክንም» ብለው ተመለሱ ይባላል። ወሬው ሲተላለፍ ሳይወፍር አልቀረም፤ የቤታቸው ተራነትና በእግር ወደ ሥራ መሄዳቸው ግን እውነት ነው። እኛ ዘንድ እንግዳን በአንድ ብስኩት የሸኘ ሰው ሰባት ቤት ይታማል። እዚህ ግን በዚያች ብስኩት እስከ ዛሬ ይወደሳሉ።

ሁሉን ግን አልወድላቸውም። በነሐሴ 1948 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የሆላንድ ጦር ነጻነቱን ባወጀው የኢንዶኔዥያ ሕዝብ ላይ ሁለተኛውን ዘመቻ ከፈተ፤ መሪዎቹን ሱካርኖንና ሃታን ማረከ። ዘመቻውን «የፖሊስ እርምጃ» አሉት። ዓመት እንደሞላው፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 1949፣ ሉዓላዊነቱን አስረከቡ። ለቅኝ ገዢው ጦር ሲዋጉ የነበሩትን፣ ከኢንዶኔዥያ ደሴቶች ከሞሉካ የመጡትን ወታደሮች ደግሞ በ1951 ከነቤተሰባቸው፣ 12,500 ያህል ሰው፣ በመርከብ አምጥተው ሲያበቁ እንደደረሱ ከውትድርና አሰናበቷቸው። ከማረፊያዎቻቸው አንዱ ናዚዎች አይሁዳውያንን ወደ ሞት የላኩበት የቬስተርቦርክ ካምፕ ነበር። ለአገሩ ሽማግሌ ያን ያህል የተጨነቀ መንግሥት ለእነዚህ ሰዎች የነበረው ልብ ምን ዓይነት ነው? ጎረቤቴን ጠይቄያቸው «ጊዜው ነው» አሉኝ። ጊዜ ብቻውን ትእዛዝ አይፈርምም።

የዚያ ጉዳይ ጫፍ እኛም አገር ደርሷል። በጃቫ የሸንኮራ እርሻ የከበረው ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የአምስተርዳም ኩባንያ፣ ኢንዶኔዥያ ከእጁ ስትወጣ ሌላ መሬት ፈለገ፤ በ1951 ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር ተዋዋለና በ1954 የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። አጎቴ እዚያ ሠርተዋል። ሆላንዳውያኑ አለቆች ሙቀቱን ሁልጊዜ ከጃቫ ጋር ያስተያዩት ነበር ብለው ይተርኩልን ነበር። ጃቫ የት እንዳለች ማናችንም ስለማናውቅ ናዝሬት አጠገብ ትመስለን ነበር።

ድሬስ በ1958 መጨረሻ ከሥልጣን ወረዱ። ገንዘብ ያለ ልክ ማውጣት ስለማይወዱ ከፓርቲያቸው ወጣቶች ጋር አልተስማሙም፤ ሲመሠረት የነበሩበትን የሠራተኛ ፓርቲ በ1971 ለቀቁ። በ1988 ሲሞቱ ዕድሜያቸው 101 ነበር። አበል የጀመሩላቸው ሽማግሌዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ካለፉ በኋላ ማለት ነው።

ከንግግሮቻቸው ሁሉ ደጋግሜ የማስበው በ1950 አዲስ ዓመት ላይ ያሉትን ነው። አገሪቱ ጠብባለች፤ ከሕዝባችን ከፊሉ ደፍሮ የወደፊት ኑሮውን ከአገሩ በሰፉ ምድሮች መፈለግ አለበት ብለው ነበር። በዚያ ዘመን በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሆላንዳዊ ወደ ካናዳና ወደ አውስትራሊያ ሄደ። እንግዲህ ያን ጊዜ ካናዳ ገብቶ የቀረው የፍሪስላንድ ገበሬ ልጅና እኔ በአኦቬ ስሌት አንድ ነን፤ እሱ ከአገሩ ርቆ በኖረበት፣ እኔ ዘግይቼ በመጣሁበት ዓመት ልክ ከመቶ ሁለት ሁለት እየተባለ ይቀነስብናል። የምንለያየው በመሳፈሪያው ነው፤ ለእሱ መርከብ መንግሥቱ ድጎማ ሰጥቶታል፤ የእኔን የአውሮፕላን ቲኬት ግን የገዙልኝ የወንጂው አጎቴ ናቸው።