ነጥቡ 5 የነበረው ገበሬ

ጉበቱ የተጎዳ ሰው ደም አስታውኮ ሲመጣ ደሙን ማቆም የሥራው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ማን እንደገና እንደሚደማ ቀድሞ ማወቅ ነው። የጉሮሮው (የምግብ መውረጃ ቱቦው) ደም ሥር አብጦ አንዴ የፈነዳበት የጉበት ሕመምተኛ መከላከያ ካላገኘ፣ ከአሥሩ ስድስቱ ያህል በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ መልሰው ይደማሉ። ከሁሉም የሚያሰጋው የመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት ነው።

ደሴ ውስጥ በነርስነት በምሠራበት የውስጥ ደዌ ክፍል፣ አንድ ሰሞን በዚሁ ምክንያት ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተኝተው ነበር። አንደኛውን ሄፓታይተስ ቢ ጎድቶታል፤ ዓይኑ ቢጫ፣ ሆዱ ውሃ የቋጠረ። ሌላው በሐይቅ አካባቢ በመስኖ የሚያርስ ገበሬ ነው፤ ደሙ እንደቆመለት መሳቅና ማውራት ጀመረ፣ «ቤቴ ልሂድ» ይላል። ቻይልድ ፒው የሚባለው ነጥብ ተሠራላቸው። ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው ቢሊሩቢን፣ ጉበት የሚሠራው ፕሮቲን አልቡሚን፣ የደም መርጋት፣ የሆድ ውሃና የአእምሮ መደናገር ታይተው ከ5 እስከ 15 የሚሰጥ ነጥብ ነው፤ ከፍ ባለ ቁጥር ጉበቱ ደክሟል ማለት ነው። የመጀመሪያው 11፣ ገበሬው 5 አገኙ። የሁላችንም ዓይን 11 ያገኘው ላይ ቀረ፤ ጉበቱ እንዲያ የደከመ ሰው ዳግመኛ ቢደማ የሚቋቋምበት አቅም የለውም።

የክፍሉ ሐኪም ግን ገበሬው አልጋ አጠገብ ቆዩ። ግራ ጎኑን ሲዳስሱ ጣፊያው እስከ እምብርቱ ወርዷል። ደም የሚያረጋው ሕዋስ፣ ፕሌትሌቱ፣ ዝቅ ያለ ነው። በአፍ የሚገባው የካሜራ ምርመራ፣ ኢንዶስኮፒው፣ ትልልቅ ደም ሥሮች፣ በላያቸውም ሊፈነዱ እንደሚችሉ የሚጠቁም ቀይ ሰንበር አሳይቷል። «ቀድሞ የሚመለሰው ይኼ ነው» አሉ።

የገበሬው ሕመም ቢልሃርዚያ፣ ከውሃ የሚይዝ የትል በሽታ፣ ነበር። የትሉ እንቁላል ወደ ጉበት ከሚገባው ደም ሥር ቅርንጫፎች ይሰነቀርና ዙሪያውን ጠባሳ ያደርገዋል። የጉበቱ ሥጋ ግን ብዙም አይነካም፤ ስለዚህ ነጥቡ ያማረ ይሆናል። ደሙ መንገድ ሲዘጋበት እንደተገደበ ወንዝ ወደ ጣፊያና ወደ ጉሮሮ ይገፋል። ነጥቡ የጉበቱን ጉልበት እንጂ ይህን ግፊት አይለካም። በእኛ አካባቢ፣ ሐይቅም ሐርቡም ከሚሴም ቢልሃርዚያ ያለበት አገር ስለሆነ፣ ይህን መርሳት አይገባም።

የልብ ምትንና ይህን ግፊት የሚቀንሰው ክኒን፣ ፕሮፕራኖሎል፣ ታዘዘለት፣ ደም ሥሩ በላስቲክ እንዲታሰርም አዲስ አበባ ተጻፈለት፤ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለባለቤቱ ደግሜ ደጋግሜ ነገርኳት፦ ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ሌሊትም ቢሆን ይዘሽው ነይ።

ቀጠሮው ረመዳን ላይ ዋለ። ሰውየው ደህና ነኝ ብሎ ከጾም በኋላ እሄዳለሁ አለ፣ ክኒኑንም አቆመ። በጾሙ መሐል አንድ ሌሊት ባለቤቱ በባጃጅ ይዛው ደረሰች። ፈሳሽ፣ ሴፍትሪያክሶን የሚባል ፀረ ባክቴሪያና ደም ተሰጠው። ደሙን እንኳ ለክተን ነው የምንሰጠው፤ የደም ማነስ የሚለካበትን ሄሞግሎቢን ከ7 እስከ 8 ማድረስ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ መሙላት ግፊቱን ይጨምረዋል። ሲነቃ «አብሽሪ ሲስተር፣ አለሁ» አለኝ።

«ክኒኑን ለምን ተዉት ጋሼ?»

«ቀን መዋጥ ጾም ያፈርሳል ብዬ ነዋ!»

ለታመመ ሰው አለመጾም እንደተፈቀደ ያውቃል፤ ልቡ ግን እሺ አላለውም። አንዱን በኢፍጣር፣ አንዱን በሱሁር መዋጥ ይችል ነበር። ይህን አስቀድሞ የነገረው ሰው አልነበረም። ጣፊያው፣ ፕሌትሌቱና ቀይ ሰንበሩ አስጠንቅቀውን ነበር፤ የጾም ወሩና የመንገዱ ርቀትም እኩል መታየት ነበረባቸው ብዬ አምናለሁ።

አሁን የጉበት ታካሚ ሲወጣ የልብ ምቱን ቆጥረን፣ ከ55 እስከ 60 መውረዱንና የላይኛው የደም ግፊት ከ90 አለማነሱን እያየን መድኃኒቱን እናስተካክላለን። መቼ እንደሚጾም፣ ማን እንደሚያደርሰው፣ ክኒኑ ሲያልቅ ከየት እንደሚገዛም ቻርቱ ላይ ይጻፋል። ገበሬው ፕራዚኳንቴል ወስዷል፤ ትሉን ይገድላል እንጂ የቆየውን ጠባሳ አያነሣም። አዲስ አበባም ሄዶ አንዴ ታስሮለታል፤ ደም ሥሮቹ እስኪጠፉ በየጥቂት ሳምንቱ መደገም ስላለበት የሚቀጥለውን ቀጠሮ ከአጨዳው ጋር እንዳይጋጭ ከባለቤቱ ጋር ቀን ቆጥረን ነው የያዝነው።