«ሲደርቅ ይመጣል»

ሚኒሶታ ውስጥ የመድኃኒት ዕፅዋት አድርቆ የሚሸጥ ድርጅት ውስጥ ሠርቻለሁ። ጥሬው ሲገባ ለቅሞ፣ አጥቦ፣ ከትፎ ማድረቂያ ውስጥ ማስገባት የኔ ድርሻ ነበር። አለቃዬ ያገሬ ሰው ናቸው፤ በዕድሜ አባቴ ስለሚሆኑ ጋሼ እላቸዋለሁ።

መስከረም መጨረሻ ላይ ሁለት ጆንያ ካላመስ መጣልን። ካላመስ ረግረግ ዳር የሚበቅል፣ ሥሩ ዝንጅብልና ቀረፋ አብረው የተወቀጡ የሚመስል መዓዛ ያለው ተክል ነው። የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆኑት የኦጂብዌ ሰዎች ለጉሮሮ ሲያኝኩት ኖረዋል። ጣጣው አጠገቡ አይሪስ የሚባል ሌላ ተክል መብቀሉ ነው። አበባ ከሌላቸው ሁለቱም እንደ ጎራዴ የቆመ ቅጠል ናቸው። የካላመስ ቅጠል ዋናው ጅማቱ ወደ አንድ ጎን ያጋደለ ነው፤ ስታሹትም ሽታው እንደ ጠጅ ሳር እጅ ላይ ይቀራል። ጆንያው ውስጥ ግን ቅጠል የሚባል የለም፣ ሥር ብቻ።

አንዱን ሰበርኩ፤ መዓዛው አፍንጫዬን ሞላው። ሌላውን ሰበርኩ፤ ጭቃ ጭቃ አለኝ። የፊተኛው ጣቴ ላይ ቀርቶ እንዳያታልለኝ በሳሙና ታጥቤ ሦስተኛ ሰበርኩ። አሁንም ጭቃ።

«ጋሼ፣ ይሄኛው ምንም አይሸትም። አይሪስ እንዳይሆን።»

«ልጄ፣ ረግረግ ውስጥ የከረመ ሥር መጀመሪያ እንዲህ ነው። ሲደርቅ ይመጣል። አስገቢው።»

ከሳቸው ጋር መከራከር ከበደኝና ከትፌ አስገባሁት።

ጠዋት ማድረቂያውን ስንከፍት ቤቱ በመዓዛ ታወደ። ጋሼ አንድ እፍኝ ዘግነው አሸተቱ፤ ፊታቸው በራ። «አላልኩሽም?»

እውነትም ሁሉም ይሸታል። ካላመሱ ሌሊቱን ሙሉ አይሪሱን ሲያጥነው አድሯል። አንዷን ቁራጭ ለሁለት ሰብሬ ውስጧን አሸተትኩ፤ ባዶ ነች። ግን ተከትፎ ከደረቀ ወዲያ ያን ሁሉ ማን አንድ በአንድ ይለየዋል?

አሜሪካ ውስጥ ካላመስን ምግብ ውስጥ መጨመር እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ የተከለከለ ነው፤ አንዳንዱ የካላመስ ዓይነት ውስጥ ቤታ አሳሮን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ዘይቱ አይጦች ላይ ዕጢ በማስከተሉ ነው የተከለከለው። እኛም የምንሸጠው ለገላ መታጠቢያ ብለን ነበር። ገዢው ግን ቤቱ ሲገባ እንደሚያኝከው ማን ያጣዋል? የአይሪስ ሥር ደግሞ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል። ጉሮሮዬ ይሻለኛል ብሎ አኝኮ ሌሊቱን ሲያስመልሰው የሚያድር ሰው ታየኝ። የሰበርኳትን ቁራጭ ይዤ ጋሼ አፍንጫ ሥር ዘረጋሁላቸው። አሸተቱ። ደግመው አሸተቱ። ምንም ሳይሉኝ ወደ ሥራ አስኪያጇ ቢሮ ሄዱ።

ሁለቱም ጆንያ ተጣለ። በሳምንቱ ስብሰባ ላይ ሥራ አስኪያጇ ጋሼን በሁላችን ፊት አመሰገነቻቸው። «ሰብረሽ አሽትቺ ብዬ ያዘዝኳት እኔ ነኝ» አሉ በእንግሊዝኛ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና በአማርኛ፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «አይደል እንዴ ልጄ?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ» አልኩ።