ሄልሜቱን ትቼ የወጣሁበት ጉዞ

ቦርሳ ሳዘጋጅ እጄ ሦስቴ ወደ ሄልሜቱ ሄደ። 16 አመት ሙሉ ረጅም መንገድ ስወጣ መጀመሪያ የማነሳው እሱን ነበራ። የዘንድሮው ግን በአውቶብስ ሄዶ በመኪና መመለስ ነው፣ ጣራዋ የሚከፈት ያገለገለች መኪና ፍለጋ፣ ሦስት ቀን ሦስት ከተማ። በሄልሜቱ ቦታ የእጅ ባትሪ፣ ትንሽዬ ማግኔት፣ ፎጣና ባለ ሁለት ሊትር ባዶ የውሃ ጠርሙስ ከተትኩ። ባለቤቴ ጠርሙሱን አይታ «የምትሄድበት ቦታ ውሃ የለም እንዴ?» አለችኝ። ለመጠጥ አይደለም ብያት ወጣሁ፣ ማስረዳት ከጀመርኩ አውቶብሱ ያመልጠኛል።

ሞተር ሳይክል መንዳት ያቆምኩት ጠግቤው አይደለም። ኩርባ ላይ የተበተነ ጠጠር ጣለኝ፣ የግራ እጄ አንጓ ተሰበረ፣ ገጠመ፣ ዳነ ተባለ፣ ግን ፍሪሲዮን ስጨብጥ ስለቅ ግማሽ ሰአት ከሞላኝ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ። የማይሰማ ጣት ይዞ ሁለት ጎማ ላይ መቀመጥ ደግሞ ጅልነት ነው፣ ሸጥኩት። ከዛ ሁለት አመት ዝግ መኪና ነዳሁ፣ ደህና መኪና ናት፣ ምንም አይወጣላትም፣ ግን መንገዱን ሶፋ ላይ ቁጭ ብዬ በቲቪ የማየው ነበር የሚመስለኝ። ሞተር ላይ እኮ ቁልቁለቱን ጨርሰህ ወንዙ ጋ ስትደርስ ቅዝቃዜው ጉልበትህን ይነካሃል፣ የታጨደው ሳር፣ ፊትህ ያለው የጭነት መኪና የጋለ ፍሬን፣ ዝናብ የሸተተው አፈር፣ ሁሉም በአፍንጫህ ነው የሚያልፈው። መኪና ውስጥ ክረምት ከበጋ 22 ዲግሪ ነው።

መጀመሪያ ላይ ግን የናፈቀኝ ፍጥነት መስሎኝ መኪኖቹን በፈረስ ጉልበት ደርድሬ ስጨነቅ ከረምኩ። አንድ ማታ ቁጭ ብዬ ሂሳቡን ሰራሁት። ሞተሬ 200 ኪሎ ገደማ፣ ጉልበቷ 110 ፈረስ፣ እኔ 80 ኪሎ። አንድ ቶን የምትመዝን መኪና እኔን ተሸክማ በኪሎ ያንኑ ያህል ጉልበት እንዲደርሳት ከ400 ፈረስ በላይ ያስፈልጋታል። በኔ አቅም ይሄ ህልም ነው፣ ባገኛትም ከአንድ ወር በኋላ ራሴን የማገኘው ወይ ሆስፒታል ወይ ትራፊክ ፖሊስ ጋ ነው። ስለዚህ ሞተሬን ፈጣን መኪና ይተካልኛል የሚለውን ተውኩት፣ የሚተካው ሌላው ነው፣ አየሩ፣ ቅለቱ፣ ማርሹን ራስህ መቀየርህ፣ በ60 እየሄድክ ብዙ የሰራህ መምሰሉ። ዝርዝሬን ገለበጥኩት። ከባዶቹ ወጡ፣ አውቶማቲኮቹ በሙሉ ወጡ (ለጤናቸው የሚነዱ ካሉ ይቅርታ፣ እኔ ግን እግሬ ስራ ሲፈታ እንቅልፌ ይመጣል)፣ የቀሩት ትንንሾቹ ሆኑ።

ሆኖም የመጀመሪያው ቀን ላይ ያየኋት አራት ሰው የምትይዝ ናት፣ ከመንገዴ ላይ ስለነበረች። ስሟን አልጠራም፣ ጥፋቱ የአያያዝ ነው። ባለቤቷ ትሁት ልጅ ነው፣ «ወንድሜ ሞተሯን ስማው» ይለኛል፣ ሰማሁት፣ ድምጹ እንደ ሰአት ነው። እኔ ደግሞ ተንበርክኬ ምንጣፉን ነው የምዳብሰው። ከሹፌሩ ወንበር ኋላ መዳፌን ጫን ሳደርገው እንደ ስፖንጅ ውሃ ተፋ። አሃ፣ ሦስት የሽታ ማጥፊያ የተንጠለጠለው ለዚህ ነው። የሚከፈት ጣራ ላይ የሚወርደው ውሃ እኮ ዝም ብሎ ተንሸራቶ መሬት አይወድቅም፣ ከወንበሩ ጀርባ ባለ ቦይ ገብቶ በቱቦ ወደ ስር ነው የሚወጣው፣ ቱቦውን ቅጠልና አቧራ ከደፈነው ውሃው መኪናው ውስጥ ይቀራል፣ ምንጣፍ ስር ወይም በሩ ስር ባለው ላሜራ ውስጥ ተኝቶ ከውስጥ ወደ ውጪ ይበላል። ማግኔቴን አወጣሁ፣ ከኋላ ጎማው ፊት ያለው ላሜራ ላይ ሳስጠጋው ላጥ ብሎ ወደቀ። ቀለሙ ያምራል፣ ስሩ ግን ስቱኮ ነው።

ከመጣሁ አይቀር ብዬ ነዳኋት፣ ጥሩ ትምህርት ሆነኝ። የመኪና ጣራ ዝም ብሎ ጥላ አይደለም፣ ሳጥኑን አጥብቆ የሚይዘው እሱ ነው፣ እሱን ስትቆርጠው ወለሉን በብረት ማጠንከር አለብህ፣ ክብደት የሚጨምረውም ለዛ ነው። ያም ሆኖ ረዥሞቹና አሮጌዎቹ የተሰበረ አስፋልት ላይ ይንቀጠቀጣሉ። መሃል ያለውን ስፖኪዮ ማየት ነው፣ እኔ ያየሁት ላይ ከኋላዬ የሚመጣው ካሚዮን ሁለት ሆኖ ነበር።

ሁለተኛው ቀን ላይ ልቤን ትቼ ልመጣ ምንም አልቀረኝም። ሆንዳ ኤስ 2000። ከ1999 እስከ 2009 እ.ኤ.አ ነው የተመረተችው፣ ያለ ተርቦ ከ2 ሊትር 240 ፈረስ የምታወጣ፣ የሞተር ዙር መርፌዋ በደቂቃ 9,000 ድረስ የሚሄድ። 9,000! ይሄ የሞተር ሳይክል ቁጥር ነው እንጂ የመኪና አይደለም። ማርሿ አጭር ነው፣ ቀጭ ብሎ ይገባል፣ ወደ 6,000 ስትጠጋ የቫልቮቹ አከፋፈት ይቀየርና ድምጹ ከጨዋ ልጅ ወደ ሰካራም ይለወጣል፣ ብቻዬን ጮህኩ፣ አልዋሽም። ባለቤቱ ጎኔ ተቀምጦ ዳሽቦርዱን ይዞ ነበር። ችግሩ ምንድነው፣ ሁለተኛ ማርሽን እስከ ጫፍ ስትስበው 100 አካባቢ ደርሰሃል። ሦስተኛን እንደዛ ብስበው መንጃ ፈቃዴን ተሰናበትኩ ማለት ነው። ከ6,000 በታች ደግሞ እሷም ጥሩ ስራ የምትሰራ መኪና ናት፣ በቃ፣ እኔ ደግሞ የቀኔን 95 ፐርሰንት የምውለው እዛ ታች ነው። እንደገና ያው ፍጥነት ፍለጋ ውስጥ ልገባ ነው ማለት ነው። ቁልፉን መልሼ መንገድ ዳር አስር ደቂቃ ቁጭ አልኩ፣ ልጁም ገብቶት መሰለኝ ዝም አለኝ።

ከሰአት ፖርሽ ቦክስተር አየሁ፣ የመጀመሪያው ትውልድ፣ 1996 የጀመረው። ሞተሩ ከወንበሩ ጀርባ ስለሆነ ከፊትም ከኋላም ሻንጣ ይገባል፣ አነዳዷም ድንቅ ነው። ግን በዚህ ትውልድ ሞተር ውስጥ አይኤምኤስ የሚሉት ዘንግ ላይ ያለች ኩሽኔታ አለች፣ በሁሉም ላይ አይደርስም፣ ከተሰበረች ግን ሞተሩን ይዛው ነው የምትሄደው። ኩሽኔታዋ ተቀይራ እንደሆነ ወረቀት አለ ወይ አልኩ፣ ሻጩ «አታስብ፣ ችግር የለም» አለኝ። ወረቀት ጠይቀህ አታስብ ከተባልክ ማሰብ የምትጀምረው እዛ ጋ ነው። ቶዮታ ኤምአር 2 ስፓይደርም ፈልጌ ነበር፣ ቀላል ናት፣ ሞተሯ መሃል ነው፣ እቃ መጫኛ የላትም ብለው ሰዎች ያማርራሉ፣ ሁለት ሳምንት በሞተር ነዳጅ ታንክ ላይ በታሰረች ቦርሳ ለተጓዘ ሰው ግን ይሄ ምን ወሬ ነው። አቅራቢያ አላገኘሁም እንጂ።

ሦስተኛው ቀን። ማዝዳ ኤምኤክስ 5፣ 2002 ሞዴል፣ 1.8፣ ጉልበቷ 140 ምናምን፣ ክብደቷ አንድ ቶን ከምናምን። እውነቱን ለመናገር ሁሉም ሰው እሷን ግዛ ስለሚል እልህ ይዞኝ ነበር ያልጀመርኩባት። መኪናዋ መጀመሪያ በ1989 ቺካጎ አውቶ ሾው ላይ ስትወጣ ሰሪዎቹ መመሪያ ያደረጉት ጂንባ ኢታይ የሚል የጃፓን አባባል ነው፣ ፈረስና ፈረሰኛ አንድ ሲሆኑ እንደማለት። እስከ 1997 የነበረችው የመጀመሪያዋ የፊት መብራቶቿ እንደ እንቁራሪት አይን ብቅ የሚሉ ናቸው፣ ልቤ እሷ ጋ ነበር፣ ሁለተኛዋ ግን ብቅ የሚለውን መብራት አጥታ በላስቲኩ ፈንታ የመስታወት የኋላ መስኮት አግኝታለች። ላስቲክ ያረጃል፣ ይደበዝዛል፣ ጣራ ስታጥፍ ዚፑን መክፈት ረስተህ ትሰብረዋለህ። መስታወት መረጥኩ።

ባለቤቷ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። ማስታወሻ ደብተር አመጡ፣ ዘይት የተቀየረበት፣ ቺንጋ የተቀየረበት፣ ሁሉም በእርሳስ ከነኪሎሜትሩ። ጎማዎቹን ግን አልጻፉም፣ እኔ ጎኑ ላይ ያለችውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ፈለግኩ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን የመጨረሻዎቹ አመቱን ነው የሚናገሩት። ጥርሱ ሙሉ ነው፣ እድሜው ግን 9 አመት። ጎማ ቆሞም ይደርቃል፣ ሞተር የነዳ ሰው ይሄን አይስትም። ጋሼም አልተከራከሩኝም፣ የአራት ጎማ ተቀነሰልኝ።

ከዛ ጠርሙሴን አወጣሁ። «ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኔ ውስጥ ልግባና እርስዎ ያፍስሱብኝ» አልኳቸው። ሳቁ። በሩን ዘግቼ ባትሪ ይዤ ተቀመጥኩ፣ ውሃው ጣራው ላይ ሲንቆረቆር ጀርባዬ ላይ ጉርጉር ሲል ይሰማኛል፣ ጋሼ በርከክ ብለው «መጣ! በዚህም መጣ!» ይላሉ፣ ከሁለቱም የኋላ ጎማዎች ፊት ጥርት ያለ ውሃ ወጣ። በየአመቱ በቀጭን ናይለን እየጠረጉት ነው ለካ። አንዲት ጠብታ ብቻ ከመስኮቱ ጎማ ጥግ ወርዳ ግራ ትከሻዬ ላይ አረፈች። ጣቴን ሰድጄ ዳሰስኩት፣ ጥጉ ላይ ተሰንጥቋል፣ የሚቀየር ነገር ነው። ማግኔቱ የትም አልወደቀም።

ጣራውን በአንድ እጅ ነው የሚከፍቱት። ከፊት ሁለት መቆለፊያ፣ ቀጭ ቀጭ፣ ወደ ኋላ ወርወር፣ አለቀ። ዳይናሞ የለው፣ ዘይት የለው፣ የሚበላሽ ነገር የለው። ኩርባ የበዛበት መንገድ ወሰዱኝ፣ በ50 በ60 ነው የሄድነው፣ ፍሪሲዮኑ በግራ እግር ነው እንግዲህ፣ አንጓዬ አረፈ፣ ማርሽ ስቀንስ ነዳጅ ትንሽ ነካ ሳደርግላት ልክ ሞተሬ እንደምትለው አለች። ጋሼ ድንገት «አንተ ልጅ፣ ሞተር ትነዳ ነበር አይደል?» አሉኝ። እንዴት አወቁ ስላቸው «ኩርባው ላይ ከነጭንቅላትህ ትጋደላለህ እኮ» አሉ። አላወኩም ነበር። እስከዛሬ ዝጓ መኪና ውስጥ አንድም ቀን አላደረኩትም፣ ባለቤቴ ብትጠየቅ ትመሰክራለች። ያን ጊዜ ወሰንኩ፣ ድርድሩን ግን ትንሽ አስመሰልኩት።

መመለሻው ስድስት ሰአት ነው። ዋናው መንገድ ላይ ጆሮዬ ውስጥ የሞተር ዘመኔን የጆሮ መድፈኛ ከተትኩ፣ ሰው ይሄን አይነግርህም፣ ከ100 በላይ ነፋሱ ያደክማል። የጎን መስታወቶቹን ከፍ ስታደርግና ከወንበሩ ጀርባ የነፋስ መከላከያዋን ስታቆም ነፋሱ ይቀንሳል። እጄ የራሱ ልማድ አለው፣ ፍሬቻ ራሱ ሲመለስ እንደገና ላጠፋው እሄዳለሁ፣ ሞተር ላይ አጥፊው አንተ ነህና። ከፊት ለመጣ ሞተረኛ ግራ እጄን ዘርግቼ ሰላም አልኩት፣ ሰውየው ምን ብሎ ያየኝ ይሆን፣ በመኪና ተቀምጦ ሰላም የሚል እብድ። አልመለሰልኝም። ሁለተኛውም አልመለሰም። ትንሽ ከፋኝ።

ዝናብ መጣ። ሞተረኛ ብሆን ድልድይ ስር ቆሜ ፕላስቲክ ልለብስ ነው፣ እዚህ ግን ዝም ብዬ ነዳሁ፣ 80 ከሄድክ ነፋሱ ጠብታውን በላይህ ነው የሚያሳልፈው፣ መዳፌን ከመስታወቱ በላይ ሳወጣ ይረጥባል ፊቴ ደረቅ ነው፣ እንደ ልጅ አሳቀኝ። ሳቄ ከተማ መግቢያ ላይ ያለው ቀይ መብራት ጋ ሲደርስ አበቃ። ጎኔ የቆመው ታክሲ ውስጥ ያሉት ሰዎች በሙሉ ዞረው ሲያዩኝ ፎጣውን ጭንቅላቴ ላይ ጣል አድርጌ መብራቱን ጠበቅኩ።

ልደርስ ትንሽ ሲቀረኝ፣ ጀንበር ስትጠልቅ፣ ቀኝ ኩርባ ላይ ጠጠር ተበትኗል። ሆዴ ተቋጠረ፣ ጣቶቼ መሪው ላይ ደረቁ፣ እግሬ ከነዳጁ ላይ ተነሳ። ጠጠሩ ከስር ላሜራውን ጠጠጠጥ እያለ መታውና መኪናዋ መስመሯን ይዛ አለፈች። ፈቀቅ ብዬ ቆምኩ፣ ሞተሩን አጠፋሁ፣ ማርሚታው ሲቀዘቅዝ ጢክ ጢክ ይላል። እጄን ጨብጬ ዘረጋሁት፣ አምስቱም ጣት ይሰማኛል።

ማታ ባለቤቴ በሩ ላይ ሆና መኪናዋን ሳይሆን እኔን ነው ያየችው። «ግንባርህ ምን ሆነ?» በመስታወት ሳየው ተቃጥሏል፣ የግራ ጆሮዬም ጫፉ ይለበልበኛል። 16 አመት ሄልሜት ውስጥ የኖረ ግንባር ፀሐይ ምን እንደሆነች የት ያውቃል። ኮፍያ የሚባል ነገር ጨርሶ ትዝ አላለኝም።